መንጃ ፈቃዱ የኔ፣ ፍሬኑ የባለቤቴ

የአንባቢ ደብዳቤ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት፣ በሙያዬ ነርስ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፣ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ለብቻዬ ግን አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም። መኪና ጠፍቶ አይደለም። ባለቤቴ ከአባቱ የወረሳት ኮሮላ ዲኤክስ አለችው፤ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። እሱ ጎበዝ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት ሲነዳት ጭረት አላስነካትም።

እሑድ እሑድ ያለማምደኛል። ገና ከግቢ ሳንወጣ «ፍሬን! ፍሬን!» ይጀምራል። እኔ ከመርገጤ በፊት እሱ በራሱ በኩል ምንጣፉን ይረግጠዋል። መሪ ሳዞር እጁን ይዘረጋል። ሲብስበት ደግሞ ዝም ይልና በመስኮት ያያል፤ ከጩኸቱ ዝምታው ይብሳል።

ባለፈው ወር ከስድስት ኪሎ ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ሰልፍ ያዘን። ልነሳ ስል ሞተሩ ጠፋብኝ፤ መኪናዋ ወደኋላ ተንሸራታ ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ነካች። የእጅ ፍሬን አልያዝኩም ነበር፤ ባለቤቴ «እሱ የላላ ነው፣ አትመኪበት፣ በፍሪሲዮን ያዣት» ስለሚለኝ ለምጄው አላውቅም። የሚኒባሱ ሹፌር ወርዶ መጮህ ሲጀምር ባለቤቴም ወረደና «ወንድሜ ይቅርታ፣ ሴት ናት» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ሰውየው ፓራውልቱን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገና ሄደ። እኔ መሪ ላይ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፉን አልነካሁም። ባለቤቴ አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም «ሸጠናት ኤሌክትሪክ እንግዛ፣ ማርሽ የለውም፣ ይቀልሻል» ይለኛል። አማቴ ደግሞ «ልጄ ያደርስሽ የለ፣ ምን አስቸኮለሽ?» ይላሉ። የማታ ሥራ ስጨርስ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ታክሲ አይገኝም፣ በራይድ እየተመላለስኩ ደመወዜ አለቀ። አንዳንድ ሰው መንዳት አልተፈጠረለትም ይባላል። እኔም ከነሱ ነኝ መሰለኝ። ልተወው ይሆን?»

ቁልፍ የፈራሁት፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ

እህቴ፣

አትተዪው። መልሱን ከመነሻው የነገርኩሽ ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንዴት አድርገሽ እንደምትቀጥዪ ነው።

ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ። ስለ ጩኸቱ ጻፍሽ፣ ስለ ሳቁ ጻፍሽ፤ ስለ እጅ ፍሬኑ ግን አንድ መስመር ብቻ ጣል አድርገሽ አለፍሽ። እኔን ያስቆመችኝ ያቺ መስመር ናት። የእጅ ፍሬኗ በላላ መኪና፣ ያውም ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያስወጣው ዳገት ላይ፣ «በፍሪሲዮን ያዣት» እየተባለ የተማረ ሰው ወደኋላ ባይንሸራተት ነው የሚገርመኝ። አንቺ ጥፋቱን «መንዳት አልተፈጠረልኝም» ብለሽ ብቻሽን ተሸከምሽው። የጥፋቱ ግማሽ ግን ከኋላ ጎማ ጋር የተያያዘች አንዲት የሽቦ ገመድ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆየ ሹፌር ዳገት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን መሳብ ውርደት ይመስለዋል። ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቅቆ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥቶ፣ መኪናዋን ባለችበት ቀጥ ያደርጋታል። ሲያዩት ያምራል። ባለቤትሽ ከአባቱ የወረሰው መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ሙያ ይመስለኛል። ግን ፍሪሲዮኑ እየተፋተገ ስለሚይዝ ሸራውን ይበላዋል፤ ሰልፍ ላይ አንዳንዴ የተቃጠለ ነገር የሚሸተን ከዚያ ነው። ጋራዥ ያሉ ልጆች በእንዲህ ያለ ሹፌር አይከፉም፣ ገበያቸው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ይህ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው እግር የሚሠራው ሥራ ነው። ጀማሪን በዚህ ማስጀመር ዋና የማያውቅን ሰው ጥልቁ ላይ ወስዶ «ተንሳፈፍ» እንደማለት ነው።

አስቢው እስቲ። መርገጫው ሦስት ነው፣ እግርሽ ሁለት። ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። ዳገት ላይ ግን ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ነዳጁም በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። የጎደለውን ሦስተኛ እግር የሚተካልሽ የእጅ ፍሬኑ ነው። አንቺን ያለ ሦስተኛ እግር ነው ዳገት ያወጡሽ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናዋ ጋራዥ ትግባ። አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ተለጥጦ ነው፣ ወይም የኋላው የፍሬን ሸራ አልቆ ነው፤ መካኒኩ ያጠብቀዋል ወይም ይቀይረዋል፣ ቤት የሚያሸጥ ወጪ አይደለም። «እሱ ይውሰዳት» ብለሽ ግን እንዳትቀሪ፣ አብረሽ ሂጂ። ሲያልቅ አንቺ ራስሽ እጀታውን ሳቢው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጥቂት ብሎ ጠንከር ካለብሽ ደህና ነው። እስከ ላይ ድረስ ያለ ችግር ከመጣልሽ ገና አልተስተካከለም፤ ሂሳብ እንዳትከፍዪ። (በነገራችን ላይ የእጅ ፍሬን በየዓመቱ ምርመራ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። ይቺ መኪና ቦሎ እንዴት ተለጠፈላት ብዬ አልጠይቅም፤ አንቺም አትጠይቂ።)

ከዚያ ዳገት ላይ መነሳት ትለማመጃለሽ። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ከኋላሽ ማንም የማይቆምበት ጭር ያለ ቦታ ምረጪ። የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ እስኪያደርግ ነዳጅ ትንሽ ስጪው። አሁን ግራ እግርሽን ከፍሪሲዮኑ ላይ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ አንሺ። አንድ ቦታ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ ኮፈኑ ትንሽ ብድግ ይላል፣ መኪናዋ ከመቀመጫሽ ስር ስትወጠር ይሰማሻል። እዚያች ቦታ ላይ እግርሽን አቁሚ። መኪናዋ ልትሄድ ፈልጋለች፣ የያዛት የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው ማለት ነው። እጀታውን ስታወርጂው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አትሄድም። ግራ እግርሽ ያቺን ቦታ ሳታስቢ እስኪያገኛት ድረስ ደጋግሚው። መሀል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ የእጅ ፍሬኑ ይዟል፣ እንደገና ታስነሺያለሽ። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢነፋ ይንፋ፤ ያንን ያህል የቸኮለ ሰው ቀደም ብሎ ከቤቱ መውጣት ነበረበት።

የመኪናው ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። ወደ ሁለተኛው ላላ ያለ ነገር እንምጣ።

«ሴት ናት»። እዚህ ላይ ብዙ ልከራከር እችል ነበር። አብራሪዎቹም አስተናጋጆቹም ሴቶች ብቻ የሆኑበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በ2008 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባንኮክ ደርሷል፤ ዲኤክስ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ማድረስ አያቅተንም ብዬ ልፎክር እችላለሁ። ግን አንቺን ያመመሽ ይህ ክርክር አይደለም። ባለቤትሽ ሴት መንዳት አትችልም ብሎ የሚያምን ሰው ቢሆን ኖሮ እሑዱን ባልሰዋልሽ። መንገድ ላይ ጠብ ማብረጃ የሚሆኑ ቃላት አሉ፤ «ልጅ ነው እለፈው»፣ «እንግዳ ነው፣ መንገዱን አያውቅም»፣ «ሴት ናት ተዋት»። የሚናገራቸው ሰው አስቦባቸው አይደለም፤ ገንዘብ እንዳይከፍል፣ ትራፊክ እንዳይጠራ፣ ሰልፉ እንዳይረዝም ነው። እሱም የዚያን ቀን ሰላም ገዛ። የከፈለው ግን ባንቺ ነው። ያውም አንቺ እየሰማሽ፣ ያውም እሱ ራሱ «የእጅ ፍሬን አትመኪ» ባለበት ጉዳይ። ለሚኒባሱ ሹፌር «የእጅ ፍሬኗ የላላ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ይችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር።

ይህን ንገሪው። መኪና ውስጥ አይሁን፤ መኪና ውስጥ እሱ አሰልጣኝ ነው፣ አይሰማሽም። ቤት፣ ልጆቹ ሲተኙ ይሁን። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። «ሚኒባሱን መንካቴ አይደለም ቁልፉን ያስጣለኝ፤ ከሰውየው ጋር አብረህ መሳቅህ ነው» በይው፤ በቃ። ከዚያ ዝም በዪ። ጥሩ ሰው ይመስለኛል፣ ይገባዋል። «ለቀልድ ነው» ካለሽም አትከራከሪ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቶ ያስብበታል።

ለሱም ቢሆን ትንሽ ልከራከርለት። ምንጣፍ የሚረግጥ ባል ሞኝ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። መሪም ፍሬንም ሳይኖርሽ ከፊት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ያውም የምትወጃት መኪና ውስጥ፣ ያውም የልጆችሽ እናት እየነዳች፣ ከባድ ነው። ጎበዝ ሹፌር ደግሞ ይብስበታል፤ አደጋው ከመምጣቱ በፊት ስለሚታየው አንቺ ገና ልታዪው ስትዪ እሱ አይቶ ጨርሷል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሹፌር ሁሉ ጎበዝ አስተማሪ የማይሆነው። የማሰልጠኛ መኪና ላይ በአሰልጣኙ በኩል ፍሬን የሚገጠመው ለጌጥ አይደለም። እግሩ ስር ፍሬን ያለው ሰው መጮህ አያስፈልገውም።

እናም የኔ ምክር ባለቤትሽ ለጥቂት ጊዜ ከዚያች ወንበር ይነሳ ነው። በሰዓት ከፍለሽ የማሰልጠኛ መኪና ያዢ። «መንጃ ፈቃድ እያለኝ?» እንዳትዪ። መንጃ ፈቃዱ ፈተና ማለፍሽን ነው የሚመሰክረው፤ ፈተናው ላይ ከፊትሽ ሳይታሰብ የሚቆም ሚኒባስ አልነበረም፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት አልነበረችም፣ የበዓል ሰሞን በግ እየነዳ መሀል መንገድ የሚገባ ልጅም አልነበረም። አሰልጣኙን «ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ ብቻ ነው የምፈልገው» በይው። ከተማውን ሁሉ መልመድ የለብሽም። ሥራና ቤትሽ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ ከሰሚት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ሰው በምን ይቅናብሽ!

ከዚያ ወደ ዲኤክሷ ስትመለሺ አጠገብሽ የሚቀመጠው ሰው መንዳት የማይችል ይሁን። እየቀለድኩ አይደለም። ወሬ የምታበዛ እህት፣ ወይም ጎረቤት። መንዳት የማያውቅ ሰው ማርሽ መቼ እንደሚቀየር ስለማያውቅ አይመክርሽም፤ ቢፈራ እንኳ «በስመአብ» ብሎ ዝም ነው። ከሁሉ የሚሻሉት ደግሞ አማትሽ ናቸው። «ልጄ ያደርስሽ የለ» ያሉት ልጃቸው ሥራ ላይ እያለ ለቅሶ ቤት አድርሰሻቸው እስኪመለሱ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ «ምራቴ ታድርሰኝ» ማለት ሲጀምሩ ሌላ ጉዳይ ይዘሽ ትጽፊልኛለሽ።

አንድ የቤታችንን ወሬ ላውጋሽ፤ ከነገርሽ የራቀ አይደለም። አባቴ ሰይቼንቶ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ያቺን ትንሿን ፊያት 600። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. የምትነዳው በግራ በኩል ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። አባቴ ሲያወራ፣ ትናንት ቁምነገረኛ የነበረ ሹፌር ሁሉ በአንድ ሌሊት ለማጅ ሆኖ አደረ ይል ነበር። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ «ቀኝ፣ ቀኝ» እያለ ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የተሳፈሩት ሰዎች ሰውየው ጤና የለውም እንዴ ብለው ይተያያሉ። እሱን ያስቸገረው ግን መሪው ሳይሆን ተሳፋሪው ነበር። ሰዉ የለመደው በግራ በር መውረድ ነው፤ ታክሲው ቀኝ ጥግ ይዞ ሲቆም ተሳፋሪው በልማዱ ግራውን በር በርግዶ መሀል አስፋልት ላይ ዱብ ይላል። አባቴ ወንበሩ ላይ ዞሮ የበሩን እጀታ በእጁ ይዞ ነበር ሂሳብ የሚቀበለው። ያን ሰሞን ስንት ሹፌር ግራ ተጋብቶ ስንቱን እንደነካ አስቢ፤ «ወንድ ናቸው፣ እለፋቸው» ያለ ሰው ግን አልተሰማም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየቤቱ አለ። የባለቤትሽ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ ሞተር ጠፋብኝ የሚባል ነገር የለም፣ ብዙዎቹ ዳገት ላይ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ቤንዚን ፍለጋ ማደያ በር ላይ ሰልፍ ማደርም ይቀራል። ቤታችሁ ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ ካለና አቅሙ ከፈቀደ ግዙ። ግን አሁን አይደለም። አሁን ከገዛችሁ ከመርገጫ ሸሽታ ነው የገዛችው ይባላል፤ ሌላው ቢቀር አንቺ ለራስሽ እንዲህ ትያለሽ። ከዚያም በላይ የኤሌክትሪክ መኪና ነካ ሲያደርጉት ነው የሚስፈነጠረው፤ ዲኤክስ እያጉረመረመች የምትደርስበትን ፍጥነት እሱ ሳትሰሚው ይደርስበታል። እግሩ ገና ላልሰከነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤትሽም ቢሆን አዲስ መኪና ላይ ጩኸቱን የሚተው እንዳይመስልሽ። በአባቱ መኪና እንዲህ የሆነ በባንክ ብድር በተገዛ መኪናማ!

ደግሞ ለመማሪያ ዲኤክስ የመሰለ የለም እላለሁ። ይህ የኔ አድልዎ ነው፣ ተቀበይኝ። አራቱም ማዕዘኗ ከመቀመጫ ሆኖ ይታያል፣ ኮፈኗ የት እንደሚያልቅ ታውቂያለሽ። ስትሳሳቺ በድምፅ ትነግርሻለች። ብልሽቷን የማያውቅ መካኒክ፣ ዕቃዋን የማያገኝ ነጋዴ የለም። መሪዋ ሲቆሙ ይከብዳል፤ ክንድ ያወጣል እንጂ ሰው አይገድልም። ዲኤክስ የነዳ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀለዋል።

አሁን ስለ መንገድሽ። አንቺ ዳገቱን ፈራሽ፤ እኔ ግን የምፈራልሽ ጠዋት የምትወርጅበትን ቁልቁለት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚለቁ ሹፌሮች አሉ። ባለቤትሽ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ይህንን ሙያ እንዳትወርሺው። በዜሮ ስትለቂያት መኪናዋን የሚይዛት ፍሬን ብቻ ይሆናል፣ ሲግል ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ነው የምትነኪው። ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጪ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።

ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ስትደርሺ ደንቡ አንድ ነው፤ አደባባዩ ውስጥ ያለው ቅድሚያ አለው፣ ማለትም ከግራሽ የሚመጣው። ሚኒባሱ ይህን ያከብራል ብዬ አልዋሽሽም። ስለዚህ የሰውየውን ፍሬቻ ሳይሆን የፊት ጎማውን እዪ። ፍሬቻው ሊዋሽ ይችላል፤ ጎማው ወዴት እንደዞረ ግን መኪናው የሚሄደው ወደዚያ ነው። በመብራት ብልጭ የሚያደርግልሽም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «እለፊ» ሲልበት ሌላው «እንዳትገቢ» ይልበታል። ቆሞልሽ እንደሆነ በጎማው እወቂ። ከሚኒባስ ኋላ ስትሄጂ ራቅ በዪ፤ «ወራጅ አለ» የሚለው ድምፅ ላንቺ አይሰማሽም፣ የሚታይሽ የቆመ መኪና ነው። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት ካወጣ ወይም በሩ ላይ እጁን ካሳረፈ ሊቆሙ ነው ብለሽ እግርሽን ወደ ፍሬኑ ውሰጂ። የኮሪደር ልማቱ በየቦታው መታጠፊያውንም መስመሩንም ስለቀያየረ፣ አንድ ቀን መንገዱን በእግርሽ ወይም በታክሲ የፊት ወንበር ሆነሽ እንደ ሹፌር ዓይን እያየሽ ሂጂበት።

የመጀመሪያውን የብቻሽን ጉዞ እሑድ ማለዳ አድርጊው፣ መንገዱ ቀለል ይላል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱና ወደ እንጦጦ የሚሮጡ ሰዎች ግን ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ነጭ የለበሰው ይታይሻል፣ ጥቁር ቱታ የለበሰው አይታይሽም። በደንብ እስኪነጋ ጠብቂ። የማታውን የሦስት ሰዓት ጉዞ መጨረሻ ላይ አድርጊው። እስከዚያ ራይዱን መክፈልሽን ቀጥዪ፣ አይቆጭሽ።

የመድኑን ነገር በአጭሩ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የግድ ነው፣ ግን የሚክሰው አንቺ የጎዳሽውን ሰው እንጂ የራስሽን መኪና አይጠግንም። ባለቤትሽ ስለ ዲኤክሷ እንቅልፍ ካጣ ሙሉ መድን የሚገባላት መሆኑን ይጠይቅ። አርጅታለች ብለው እምቢ ካሉትም ይወቀው፤ ከጭረት የሚያድናት ጩኸት አይደለም።

ሌላም አለኝ። «ለማጅ» የምትለዋን ጽሑፍ አሠሪና የኋላ መስታወት ላይ ለጥፊያት። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አይለጥፍም የሚል ይኖራል፤ አትስሚው። ዳገት ላይ ከኋላሽ የሚቆመው ሰው ያቺን ጽሑፍ ካየ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ያ አንድ ሜትር ደግሞ ላንቺ ከየትኛውም ምክር ይበልጣል። ባለቤትሽ የአባቱ መኪና ላይ መለጠፉን ካፈረበት በፕላስተር ያያዥው፤ የሱ ተራ ሲሆን ይንቀለው፣ ያንቺ ተራ ሲሆን ይመልሰው።